ሜዳ የሌለው ባለሜዳ

በአገራችን የኳስ ቋንቋ ውስጥ «ባለሜዳ» የሚለውን ያህል ፍሬው ወጥቶ ገለባው ብቻ የቀረ ቃል ያለ አይመስለኝም። ባለሱቅ ሱቅ አለው። ባለጋሪ ጋሪ አለው። ባለርስት የተባለውም ሰው ርስቱ እስኪወረስ ድረስ ቆሞ የሚያያት መሬት ነበረችው። ባለሜዳ የሚባለው ክለብ ግን ሜዳ የለውም። በፕሮግራሙ ላይ ስሙ ቀድሞ ይጻፍለታል፤ ያገኘውም ነጥብ «በሜዳው» ተብሎ ይመዘገብለታል። በቃ፣ የባለሜዳነት ወጉ ይኸው ነው። ሣሩ የሌላ ከተማ፣ ወንበሩ የሌላ ከተማ፣ ደጋፊው ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ወዲህ ማዶ።

የሆሳዕና ሰው ይህን ነገር ለዓመታት ኖሮበታል። በመስከረም ያሆዴ ይከበራል፤ መስቀል ይውላል፤ የአተካናው ቅቤ ከጣት ላይ ሳይለቅ የፕሪምየር ሊጉ ወሬ ይሟሟቃል። ከዚያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአንዱ «ነብሮቹ» ባለሜዳ ተብለው ይገቡና፣ ሲቀናቸው፣ ያሸንፋሉ። ያን ዕለት ከተማው ሌላ ከተማ ነው። ባጃጆቹ ጡሩምባቸውን ይነፋሉ፤ በየቡና ቤቱ የማይተዋወቁ ሰዎች ይተቃቀፋሉ፤ ትናንት አሰልጣኙ ይባረር ሲል የነበረው ሁሉ ዛሬ የአሰልጣኙ የሥጋ ዘመድ ይሆናል።

ደግሞም የወቅቱ መጀመሪያ ድል ለእንደኛ ዓይነቱ ክለብ ቀላል ነገር አይደለም። ትልልቆቹ በጥቅምት የጣሉትን ነጥብ በየካቲት ይለቅሙታል። ትንሹ ክለብ ግን በጥቅምት ያላጠራቀመውን በሰኔ ከየትም አያመጣውም፤ በሰኔ ሁሉም ላለመውረድ ሲል ጥርሱን ነክሶ ነው የሚጫወተው። ሀዲያ ሆሳዕና ይህን በሥጋው ያውቀዋል። በ2008 ዓ.ም. ወደ ፕሪምየር ሊጉ ገብቶ በዚያው ዓመት ወርዷል፤ የተመለሰው በ2012 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የጥቅምትን ሦስት ነጥብ ማንም አቅልሎ አይየው። እኔም አላቀልለውም፤ እንዲያውም ጉሮሮአቸው እስኪዘጋ ከሚጮኹት አንዱ ነኝ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ለመሆኑ ያሸነፍነው በማን ሜዳ ነው?

አንድ ጊዜ አንዲት ትንሽ ቡና ቤት ውስጥ ጨዋታው እስኪጀመር ስንጠብቅ አንድ ሽማግሌ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ልጆቹ ዛሬ የት ነው የሚጫወቱት?» አሉኝ።

«አዳማ ናቸው ጋሼ።»

«እንግዳ ሆነው?»

«የለም፣ ባለሜዳ ሆነው።»

ሽማግሌው ስኒያቸውን አስቀመጡና ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ሜዳውን ማን ሸጠባቸው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ጥያቄው ሳቅ ብቻ አልሆነልኝም።

ጊዜያዊ ተብሎ የቀረው

ሜዳውን ማንም አልሸጠውም፤ የአቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ዛሬም ሆሳዕና ውስጥ በቦታው አለ። በ2012 ዓ.ም. ክለቡ ወደ ሊጉ ሲመለስ ጨዋታው በየክለቡ ከተማ ይካሄድ ስለ ነበር፣ ተጋጣሚዎች በተራቸው ወደዚህ ይመጡ ነበር። የጨዋታ ቀን ከከተማው ብቻ ሳይሆን ከየወረዳው ሰው ይገባል። ቆሎ ሻጩ፣ ጀበና ቡና ያቀረበችው ሴት፣ የባጃጁ ልጅ፣ አልጋ ቤቱና ምግብ ቤቱ ሁሉም ከኳሱ ድርሻቸውን ያገኛሉ። ከዚያ በመጋቢት ኮሮና መጣ። ውድድሩ ተቋረጠ፤ ቆይቶም ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ።

በ2013 ዓ.ም. ሊጉ ሲመለስ መልኩን ለውጦ መጣ። ክለቦቹ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር ከደቡብ አፍሪካው ሱፐርስፖርት ጋር የአምስት ዓመት የቴሌቪዥን ውል ተዋዋለ፤ ዋጋው 22.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ቤትኪንግ የሚባለው የውርርድ ድርጅትም ስሙን ከሊጉ ስም ፊት ለጠፈ። ጨዋታዎቹ ደግሞ በተመረጡ ከተሞች ብቻ እየተዘዋወሩ እንዲካሄዱ ተደረገ። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ አስተናገዱ፤ በሚቀጥለው ዓመት አዳማ ተጨመረች። ሆሳዕና በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም።

የበሽታ ጊዜ ነበርና ማንም አላጉረመረመም። ኋላ ግን በሽታው ረገበ። ጭምብሉ ወለቀ፤ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ ገበያው ቆመ፤ ሠርጉም ለቅሶውም እንደ ቀድሞው ሆነ። በአንድ ከተማ ተሰባስቦ መጫወቱ ብቻ ሳይነካ ቀረ። ምነው ቢሉ፣ በአገራችን «ጊዜያዊ» የተባለን ነገር ያህል ዕድሜ የሚሰጠው የለም።

አስቡት እንግዲህ። በ2013 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባ የሆሳዕና ልጅ በ2017 ዓ.ም. አምስተኛ ክፍል ደርሷል። በእነዚህ አምስት ዓመታት የከተማው ክለብ በፕሪምየር ሊጉ ነበር፤ ልጁ ግን አንድም የሊጉን ጨዋታ በአቢዮ ኤርሳሞ አላየም። ያየው በስክሪን ነው። አርሴናልንና ማንችስተር ዩናይትድንም የሚያየው በዚያው ስክሪን፣ በዚያው ቤት፣ በዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ታዲያ ለዚህ ልጅ የገዛ ከተማው ክለብ ከአርሴናል በምን ይለያል? በአንድ ነገር ይለያል፤ የአርሴናል ሥዕል ይጠራል! አርሴናልን የሚደግፈው የለንደን ልጅ ግን ከቤቱ ወጥቶ ስታዲየሙ ድረስ በእግሩ ሊሄድ ይችላል። የኛው ልጅ ስታዲየሙ አጠገቡ ቆሞለት ክለቡ ነው የራቀው።

ለሚመጡት መልሶች መልስ

ይህን ስል ወዲያው የሚመጡትን መልሶች አውቃቸዋለሁ። ተራ በተራ እንያቸው።

አንደኛው ጸጥታ ነው። ይህ ሐሰት አይደለም። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በየስታዲየሙ የሆነውን አንረሳም። ኳሱ የፖለቲካና የብሔር ቂም መወጫ ሆኖ፣ ክለቦች «እዚያ ከተማ ሄደን አንጫወትም» እስከ መባባል ደርሰው ነበር። ሰው ኳስ ለማየት ወጥቶ ተፈንክቶ ሊመለስ አይገባም። ነገር ግን ለትኋን ተብሎ ቤት አይቃጠልም። በዓለም ላይ ያለው ደንብ የታወቀ ነው። የረበሸ ደጋፊ ክለቡ ይቀጣል፤ ለጥቂት ጨዋታዎች ሜዳው ይዘጋል፤ ከዚያ ይከፈታል። እኛ ዘንድ ግን የረበሸውም ያልረበሸውም፣ ትልቁም ትንሹም ከተማ እኩል ተቀጣ፤ የቅጣቱም ማብቂያ ቀን አልተጻፈም። ደግሞስ ሰላም ማለት ሰው እንዳይገናኝ ማድረግ ከሆነ መቃብርም ሰላም ነው።

ሁለተኛው ቴሌቪዥኑ ነው። ካሜራውና መኪናው ብዙ ነው፤ በየሳምንቱ በየከተማው ማመላለስ ያስቸግራል፤ የብዙዎቹ ሜዳዎች ደረጃም ለሥርጭት አይመችም ይሉናል። ይሁን። ታዲያ ሜዳ እንዴት ነው ደረጃው የሚያድገው? ተዘግቶ በመቀመጥ ነው? ከዚያ ሁሉ ሚሊዮን ዶላር ስንቱ ሣር ሆነ? ስንቱ የልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ ስንቱ አጥር ሆነ? ይህን የመጠየቅ መብት ያለው ግብር ከፋዩ ሕዝብ ነው።

በዚያ ላይ ቴሌቪዥኑ ራሱ የሚከስርበት ነገር አለ። ተመልካች የጨዋታው ጌጥ ሳይሆን አካሉ ነው። በግንቦት 2012 ዓ.ም. የጀርመን ቡንደስሊጋ በባዶ ስታዲየም ሲቀጥል የባለሜዳ ክለቦች ድል መቀነሱ በግልጽ ታየ። ከዚያ ወዲህ የአውሮፓን ሊጎች ያጠኑ ሰዎችም አንድ ነገር አስተውለዋል፤ ጩኸቱ ሲጠፋ ዳኞች ለእንግዳው ቡድን የሚያሳዩት ቢጫ ካርድ ቀነሰ። እንግዲህ ባለሜዳነት ተረት አይደለም፤ የሚቆጠር፣ የሚለካ ነገር ነው። ለሆሳዕና ደግሞ ከጩኸቱ ሌላ አየሩም አለላት። ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነው ብርዳም ደጋ ላይ መጫወት የለመደ ልጅ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ወደ ድሬዳዋ ሙቀት ተወስዶ «ይኸው ሜዳህ» ሲባል ምን ይበል? ሀብታሙ ክለብ ተጫዋች ይገዛል። ድሃው ክለብ ያለው ሀብት ሕዝቡና አየሩ ነበር፤ እነሱኑ ወሰዱበት።

ሦስተኛው ወጪ ነው። በየሳምንቱ አገር ለአገር ከመዞር አንድ ቦታ መሰብሰብ ይረክሳል ይባላል። ለማን ነው የሚረክሰው? ቡድን ሙሉ ሰው ለወራት ሆቴል ተቀምጦ ሲበላና ሲጠጣ ሒሳቡን የሚከፍል አለ። የአብዛኞቹ የክልል ክለቦች ኪስ ደግሞ የመንግሥት በጀት መሆኑ ከማንም የተሰወረ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በሀዲያ ዞንና በአካባቢው የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ለወራት መዘግየቱ የአገር መነጋገሪያ ነበር። ደመወዙ የዘገየበት መምህር በበጀቱ የሚተዳደረው ክለብ ሌላ ከተማ ሆቴል ሲከፍል ያያል፤ ክለቡን ግን አያየውም። «እንዲያማ ከሆነ ክለቡ ይፍረስ» የሚል ሰው ቢነሳ በምን አፋችን እንመልስለታለን? እኔ መልስ አለኝ። ሕዝብ የከፈለበትን ነገር ሕዝብ ፊት አምጡት። ያኔ ቢያንስ የትኬቱ ገንዘብ ወደ ክለቡ፣ የአልጋውና የምሳው ገንዘብ ወደ ከተማው ይመለሳል።

አራተኛው መልስ የራሳችን የደጋፊዎቹ ነው፤ ከሁሉም የሚያሳዝነኝም እሱ ነው። «ድል ድል ነው፤ የትም ቢሆን ምን ቸገረህ? ድሮስ በሬዲዮ አልነበረም እንዴ የምንሰማው?» ይላሉ። እውነት ነው፣ በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የሴካፋን ዋንጫ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ ስትወስድ የክፍለ ሀገር ሰው ድሉን የሰማው በሬዲዮ፣ በደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነው። ነገር ግን ያ ድምፅ ልብ የሚያሞቀው ከኋላው ሺህ ሕዝብ ስለሚጮኽ ነበር። ካታንጋ ሞልቷል፤ ሚስማር ተራ ሞልቷል፤ ደምሴም የሚጮኸው ከዚያ ሕዝብ መካከል ሆኖ ነው። ሬዲዮው የሌላውን ሰው ደስታ ወደኛ ያመጣ ነበር። አሁን ሁላችንም ከስክሪኑ ወዲህ ነን፤ ወዲያ ማዶ የሚጮኽልን ማነው?

ሳይታይ የወረደ ክለብ

ከሆሳዕና ብዙም ሳንርቅ ወደ ከምባታ እንሻገር። ባለ 777 ደረጃው የሐምበሪቾ ተራራ ሥር ያለችው ዱራሜ በ2016 ዓ.ም. ክለቧን ፕሪምየር ሊግ አስገባች። ሐምበሪቾ ዱራሜ ማለት ነው። ለዱራሜ ይህ ምን ማለት እንደ ነበር የትንሽ ከተማ ሰው ብቻ ያውቀዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ኢትዮጵያ ቡና፣ ፋሲል ከነማ በደጃፏ ሊመጡ! ግን አልመጡም። ሐምበሪቾ ዓመቱን በሙሉ በሰው ሜዳ ተጫውቶ በዚያው ዓመት ወረደ። የዱራሜ ሰው ክለቡ ሲገባ በወሬ ሰማ፤ ሲወርድ በስክሪን አየ። ሙሽራ ገብታ ሳትታይ እንደ ተፈታች ቁጠሩት።

በዚያው ዓመት ከሐምበሪቾ ጋር አብረው ያደጉ ሁለት ክለቦች ነበሩ። ሻሸመኔ ከነማ እንደ ሐምበሪቾ ወረደ። ሁለተኛው፣ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ዋንጫውን በላ። ንግድ ባንክ ያሸነፈው በጥሩ ኳስ ነው፤ አልነፍገውም። ገንዘቡም ከሐምበሪቾ ገንዘብ ጋር አይወዳደርም፤ ውጤቱን ሁሉ በሜዳ ላይ አላላክክም። ሆኖም ነገሩ አስተማሪ ነው። ንግድ ባንክ የባንክ ክለብ ነው፤ አዳማም ሐዋሳም ቢጫወት የሚጎድልበት ከተማ የለም። ከተማዋን አንግቦ የተነሣው ክለብ ግን ከተማዋ ስትቀርበት ምን ይቀረዋል? በሰው ሜዳ ሁሉም እኩል ነው የሚሉ ሰዎች ይህችን ትንሽ ሒሳብ ይሥሩልኝ። ሁለት ሰዎች ኮታቸውን አውልቁ ቢባሉ፣ አንደኛው ከሥሩ ሹራብ ለብሶ ሁለተኛው ባዶ ገላውን ከሆነ፣ እኩል በረዳቸው ማለት ነው?

ከላይ የወረደ በሽታ

ይህ በሽታ የትንሽ ከተማ ብቻ ቢሆን በተሻለ ነበር። ብሔራዊ ቡድናችንም ያው ነበር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የባሕር ዳርን ስታዲየም ካገደ በኋላ ዋሊያዎቹ የ«ሜዳቸውን» ጨዋታ ይዘው አፍሪካን ዞሩ። ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ጋናን በባለሜዳነት የተቀበሉት ጆሃንስበርግ ነው፤ 1 ለ 1 ወጡ። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ የሀዲያና የከምባታ ወጣት በረሃ አቋርጦ እንጀራ ፍለጋ የሚሄድባት አገር ናት። ጉድ እኮ ነው! ልጁ ከሆሳዕና ተሰድዶ ደቡብ አፍሪካ ገባ፤ የአገሩም ሜዳ ተከትሎት እዚያው ተሰደደ።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ በማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ፣ በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያው ሁለተኛ ጨዋታ፣ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። እንዴት ያለ ድል ነበር! በመዝገቡ ላይ የሜዳችን ድል ተብሎ ተጽፏል። ይህን ግብፅን ማሸነፍ የተባለ ነገር አያቶቻችንም ቀምሰውታል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም፣ በተጨማሪ ሰዓት፣ 4 ለ 2፤ ዋንጫውንም ሉቺያኖ ቫሳሎ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ከስድሳ ዓመት በኋላም ያ ቀን ሲወራ የሚኖረው ለምንድነው? ስታዲየም የነበረው ሰው ወደ ቤቱ ገብቶ ለልጁ ስለ ነገረ፣ ልጁም ለልጁ ስለ ነገረ ነው። የሊሎንግዌውን ድል «እኔ እዚያ ነበርኩ» ብሎ ለልጁ የሚነግር አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሆሳዕና ውስጥ፣ ዱራሜ ውስጥ ስንት ሰው አለ? ድል ምስክር ይፈልጋል። ምስክር የሌለው ድል ቁጥር ሆኖ ነው የሚቀረው።

የኛው ፊርማ

እስካሁን ሌላውን ወቀስኩ። አሁን ደግሞ ወደ ቤታችን። የአክሲዮን ማኅበሩ ባለቤቶች እነማን ናቸው? ክለቦቹ ናቸው። ይህ ሥርዓት ሲጸድቅ፣ ከዚያም በየዓመቱ ሲታደስ፣ ከተሰብሳቢዎቹ መካከል የኛ ክለብ ተወካዮችም ነበሩ። ሽማግሌው «ሜዳውን ማን ሸጠባቸው?» ሲሉ መልሱ ሩቅ አልነበረም። ማንም ሜዳችንን አልነጠቀንም፤ እጃችንን አውጥተን ነው የሰጠነው። ለሥራ አስኪያጅ ይህ ኑሮ ሊመቸው ይችላል። ሲሸነፍ በሩ ላይ የሚጠብቀው ሕዝብ የለም፤ የሚጠይቀውም የለም። ደጋፊ የራቀበት ክለብ ተጠያቂነትም ይርቅበታል።

የምጠይቀው ሰማይ ይወርድ ዘንድ አይደለም። ሊጉ በየከተማው መዞሩን አውቆበታል፤ መዞሩን ካወቀበት ደግሞ ዙሩን ማስፋት አይከብደውም። ከሆሳዕና ወላይታ ሶዶ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ ሁሉም በአንድ ቀን መንገድ ይደረሳል። የጎረቤት ክለቦችን ጨዋታ ሰብስቦ በዓመት ሁለት ሳምንት፣ እሱም ቢበዛ አንድ ሳምንት፣ ወደ ሆሳዕና ማምጣት ምን ያቅታል? ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. ዛማሌክን ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 ሲያሸንፍ፣ ሶዶ ባይሆንም እንኳ፣ ደጋፊው አውቶቡስ ተሳፍሮ ሊደርስበት የሚችል ሜዳ ነበር፤ ኋላም ካይሮ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት ግብፃውያኑን አስወጣ። ከቴሌቪዥኑ ገንዘብም ለየክለቡ ሜዳ ማሻሻያ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ጊዜ ይሰጠው፤ በጊዜው ያላሻሻለ ይጠየቅ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ርዕሰ መስተዳድር መቀመጫ ሆናለች። ለቢሮና ለስብሰባ አዳራሽ የታሰበውን ያህል ለአንድ የኳስ ሣር ይታሰብ።

የኛም ተወካዮች ከእንግዲህ ስብሰባ ሲሄዱ ደጋፊው አንድ ጥያቄ ብቻ አስይዞ ይላካቸው፦ «ሆሳዕና መቼ ነው የምትጫወተው?» መልስ ሳይዙ ከተመለሱ እንደ ተሸነፉ ይቆጠርባቸው፤ ያውም ከሜዳቸው ውጪ። እስከዚያው ድረስ ነብሮቹ በጥቅምት ሲያሸንፉ እንጮኻለን፣ ጡሩምባውም ይነፋል፤ «በሜዳችን አሸነፍን» የሚለውን ቃል ግን አቢዮ ኤርሳሞ ላይ ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ ከአፋችን እናውጣው።